ዐፅምና ዱካ፦ ከዳይኖሰር ሪጅ ኮረብታ ምን እንማራለን?

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የምናገረው ስለ አንድ ጉብኝት ነው፤ ይሁንና የጉብኝት ወግ ለማውጋት አልመጣሁም። ጉብኝቱ አንድ ጥያቄ አስነሥቶብኝ ነበር፤ ያንን ጥያቄ ይዤ ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር ላሰላስለው የምሻውም እርሱን ነው። በንግግሬ ውስጥ የተለየ ነገር ካልተናገርሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ለስብሰባ ወደ አሜሪካ በሄድሁበት ጊዜ በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ በምትባለው ከተማ ከምትኖር እኅቴ ዘንድ ጥቂት ቀናት አረፍሁ። ዴንቨርና አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ የእኅቴ ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ «አጎቴ፣ አንተ ድንጋይ ትወድ የለም? ና ድንጋይ ላሳይህ» ብላ ወደ ምዕራብ፣ ከተራሮቹ ግርጌ ወደሚገኘው ዳይኖሰር ሪጅ ወደሚባለው ኮረብታ ወሰደችን። ከትምህርት ቤቷ ጋር ቀደም ብላ አይታው ኖሯል።

ዱካ ከሞላበት ዘመም ያለ የድንጋይ ገጽ ፊት ስንቆም የመምህርነት አመሌ ተነሣብኝ። «ይህ እንስሳ በዝግታ ይሄድ ነበር፤ ያኛው ትንሹ ነው፤ መሬቱም እርጥብ አሸዋ ነበር» እያልሁ ማብራራት ጀመርሁ። ልጅቱ ጥቂት ካዳመጠችኝ በኋላ «አንተ እኮ አልነበርክም፤ እንዴት አወቅህ?» አለችኝ። መልሱ በአፌ ላይ ነበረ፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልሆነም። የዛሬው ንግግሬ ለእርሷ የሰጠሁት ረጅም መልስ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ቦታው

ዳይኖሰር ሪጅ ከሮኪ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ሞሪሰን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የተዘረጋ ረጅም ቀጭን ኮረብታ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጀርባው እንደ ከርከሮ ጋማ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። የዚህ መልኩ ምክንያት ቀላል ነው። በመጀመሪያ ደለል በደለል ላይ እየተነባበረ በአግድም ተኝቶ ነበር። ከ70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ሮኪ ተራሮች ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምሩ ንብርብሮቹን ከምዕራብ በኩል አነሧቸው፤ ስለዚህም ወደ ምሥራቅ አዘነበሉ። ከዚያ ዝናብና ነፋስ ለስላሳውን ሲበላው ጠንካራው የአሸዋ ድንጋይ እንደ አጥር ቆሞ ቀረ።

ይህ ዝንባሌ ለጎብኚው ትልቅ ስጦታ ነው። ንብርብሮቹ ጋደም ብለው ቢሆን ኖሮ የታችኛውን ለማየት ጉድጓድ መቆፈር ግድ ይሆን ነበር። አሁን ግን ኮረብታውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋረጠ ሰው ከአሮጌው ዘመን ወደ አዲሱ በእግሩ ይጓዛል። በምዕራቡ ገጽ የሚታየው በከተማዋ ስም ሞሪሰን ፎርሜሽን የተባለው፣ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የጁራሲክ ዘመን ደለል ነው። በምሥራቁ ገጽ ያለው ደግሞ ዳኮታ የሚባለው፣ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የክሬቴሺየስ ዘመን የአሸዋ ድንጋይ ነው። በአንድ ኮረብታ ሁለት ወገን፣ በአጭር የእግር ጉዞ፣ 50 ሚሊዮን ዓመት ይታለፋል።

ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ የምዕራቡ ገጽ ዐፅም ይዟል፤ የምሥራቁ ገጽ ዱካ ይዟል። ሁለት ዓይነት ማስረጃ፣ ሁለት ዓይነት አነባበብ ይሻሉ።

ዐፅሙ

የዐፅሙ ታሪክ የሚጀምረው በ1877 ነው። አርተር ሌክስ የተባለ በእንግሊዝ አገር የተወለደ መምህርና ካህን በአቅራቢያው በምትገኘው ጎልደን ከተማ ያስተምር ነበር። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ሄንሪ ቤክዊዝ ከተባለ ባልንጀራው ጋር ኮረብታውን ሲያስስ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ እጅግ ግዙፍ አጥንት አገኙ። ሌክስ ወዲያው በዬል ዩኒቨርሲቲ ለነበረው ለኦትኒዬል ቻርልስ ማርሽ ጻፈለት፤ አጥንቶችንም ላከለት። መልሱ ሲዘገይበት ለማርሽ ብርቱ ተፎካካሪ ለኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕም ላከ። ያን ጊዜ ማርሽ ነቃ፤ ለሌክስ አንድ መቶ ዶላር ላከለት፤ ቁፋሮውንም በራሱ ስም አደረገ። ኮፕ የደረሱትን አጥንቶች ለማርሽ እንዲያስተላልፍ ተገደደ። የእነዚህ የሁለቱ ሊቃውንት ፉክክር በሳይንስ ታሪክ ውስጥ «የአጥንት ጦርነት» ተብሎ የሚታወቀው ነው።

ከዚህ ኮረብታ በወጡት አጥንቶች መነሻነት ማርሽ በዚያው ዓመት ስቴጎሳውረስንና አፓቶሳውረስን ለዓለም አስተዋወቀ። ስቴጎሳውረስ በጀርባው ላይ ትልልቅ ሳንቃ መሰል አጥንቶች የተተከሉበት እንስሳ ነው፤ ከ1982 ጀምሮ የኮሎራዶ ግዛት መለያ ቅሪተ አካል ሆኗል። ስሙ ግን ስሕተት ተሸክሞ ይኖራል። ማርሽ መጀመሪያ ላይ ሳንቃዎቹ እንደ ጣሪያ ክዳን በጀርባው ላይ ተጋድመው የተኙ መስሎት «ባለ ጣሪያ እንሽላሊት» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። በኋላ የተሟላ ዐፅም ሲገኝ ሳንቃዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ መሆናቸው ታወቀ። ስሙ ግን በሳይንስ ሕግ መሠረት አልተለወጠም።

ይህን የማነሣው በማርሽ ለመሣቅ አይደለም። ዐፅም ስለ እንስሳው አካል ብዙ ይነግረናል፤ ሆኖም አጥንቶቹ ተበታትነው በሚገኙበት ጊዜ እንዴት ይያያዙ እንደ ነበር አይነግረንም። ከዚህም በላይ ዐፅም የሞት ማስረጃ ነው። እንስሳው በአንድ ስፍራ ኖሮ በሌላ ስፍራ ሊሞት፣ ሬሳውም በጎርፍ ተወስዶ በሦስተኛ ስፍራ ሊቀበር ይችላል። አጥንቱ የተገኘበት ቦታ የቀብሩ ቦታ ነው፤ የኑሮው ቦታ ነው ብለን እንዳንቸኩል ያስፈልጋል።

ዛሬ በምዕራቡ ገጽ ላይ ጎብኚው ከድንጋዩ ሳይወጡ የቀሩ አጥንቶችን ያያል፤ በእጁ መንካትም ይፈቀድለታል። ቡናማ ናቸው፤ ከከበባቸው ድንጋይ ትንሽ ጠቆር ይላሉ። የእኅቴ ልጅ እጄን ይዛ አጥንቱ ላይ አኖረችው። ቀዝቃዛ ድንጋይ ነበር። አጥንቱ ከተቀበረ በኋላ በውስጡ ያለፈው ውኃ ማዕድን እየተወበት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሞልተዋል፤ ቅርጹ ያው ሆኖ ወደ ድንጋይነት ተለውጧል።

ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ሌላ ነገር አለ። በመንገዱ ዳር በተቆረጠው ድንጋይ ላይ የአሸዋ ድንጋዩ ንብርብር ከሥሩ ወደ ታች እንደ ከረጢት ያበጠባቸው ስፍራዎች ይታያሉ። ላልለመደ ዓይን ምንም አይደሉም። ነገር ግን እነዚህ እብጠቶች እንደ አፓቶሳውረስ ያሉ አንገተ ረጅም ግዙፋን ለስላሳውን ደለል ረግጠው ያጎደጎዱት ናቸው፤ ጉድጓዱን በኋላ የመጣ አሸዋ ሞላው። እኛ ዱካን ከላይ ማየት ለምደናል፤ እዚህ ግን ከጎን፣ ለሁለት እንደ ተቆረጠ ዳቦ ሆኖ ይታያል። ዐፅም በሞላበት በምዕራቡ ገጽ እንኳ ዱካ አለ ማለት ነው፤ የጎደለው የሚያየው ዓይን ነበር።

ዱካው

በ1937 ኮረብታውን የሚያቋርጥ መንገድ ይሠራ ነበር። ሠራተኞቹ በምሥራቁ ገጽ ላይ ያለውን ድንጋይ ሲገፉት ከሥሩ የዱካ ገጽ ተገለጠ። ማንም ዱካ ፍለጋ አልወጣም ነበር፤ መንገድ ፍለጋ የወጡ ሰዎች ናቸው ያገኙት። ዛሬ በዚያ ገጽ ላይ ከሦስት መቶ በላይ ዱካዎች ተቆጥረዋል።

በዚያ ዘመን፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ማለቴ ነው፣ ስፍራው የባሕር ዳርቻ ነበር። ሰሜን አሜሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ ለሁለት የሚከፍል ባሕር እየተስፋፋ ነበር። ባሕሩ በተጠጋበት ዝቅተኛ አሸዋማ ሜዳ ላይ እንስሳት ይመላለሱ ነበር። በዚያው ድንጋይ ላይ ውኃው የተወው የሞገድ ሽብሽብ ዛሬም ትናንት እንደ ተሠራ ሆኖ ይታያል። ተመሳሳይ ዱካ የያዙ ንብርብሮች ከኮሎራዶ እስከ ኒው ሜክሲኮ ድረስ በብዙ ስፍራ ስለሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንን የጥንት ዳርቻ «የዳይኖሰር አውራ ጎዳና» ይሉታል።

ዱካ እንዴት ይቀራል? ከብት አግዶ ያደገ ሰው ግማሹን መልስ ያውቀዋል። በደረቅ አሸዋ ላይ የተረገጠ ኮቴ ወዲያው ይናዳል። ውኃ ባቆረ ጭቃ ላይ የተረገጠም ተመልሶ ይከደናል። ልክ ያለው እርጥበት ሲገኝ ግን የጣቱ ጫፍ ሳይቀር ይታተማል። ቀጥሎ ጥቂት ደርቆ መጠንከር ይገባዋል። ከዚያም ሌላ ደለል፣ የተለየ ዓይነት ደለል፣ ሳይፍቀው በእርጋታ ሊሸፍነው ይገባል። ሁለቱ ንብርብሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ ተጣብቀው ስለሚጠነክሩ ዱካው ለዘላለም ተዘግቶ ይቀራል። ልዩነት ካላቸው ግን ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ የላይኛው ሲነሣ የታችኛው ይገለጣል። እንስሳት በሕይወታቸው ከረገጡት ውስጥ እስከ እኛ የደረሰው ከእልፍ አንዱ እንኳ አይሆንም።

በገጹ ላይ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሰፊ፣ ሦስት ደብዳባ ጣት ያለው፣ አንዳንድ ጊዜም ከፊቱ ትንሽ የእጅ ምልክት የሚታይበት የሣር በል እንስሳ ዱካ ነው። ሁለተኛው ቀጫጭን ጣቶቹ የተዘረጉ፣ የትልቅ ወፍ የሚመስል፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ እንስሳ ዱካ ነው። በዚሁ አካባቢ አዞዎች ሲዋኙ በጥፍራቸው የጫሩት ምልክትም ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ነገር ላስገንዝብ። ሳይንስ ለዱካው ከእንስሳው የተለየ የራሱ ስም ይሰጠዋል። ሰፊው ዱካ ካሪሪክኒየም ይባላል፤ ይህ የዱካው ስም ነው፤ የእንስሳው ስም አይደለም። ለምን? እንስሳው በረገጠበት ስፍራ ላይ ሞቶ አልተገኘማ! የኢጓኖዶን ወገን የሆነ ሣር በል ይመስላል እንላለን፤ ከዚያ አልፈን ግን «ይህ የእገሌ እግር ነው» ብለን አንምልም። በስም አወጣጡ ውስጥ እንኳ የማስረጃውን ወሰን የማክበር ትሕትና አለ። ማርሽ ስም ሲያወጣ ግምቱን ከስሙ ጋር ሰፍቶት ነበር፤ የዱካ ተመራማሪዎች ግን ሁለቱን ለይተው ያኖራሉ።

ከዱካ ምን ይነበባል?

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ ልመለስ። «በዝግታ ይሄድ ነበር» ያልሁት ከምን ተነሥቼ ነው?

በ1976 ሮበርት ማክኒል አሌክሳንደር የተባለ ብሪታኒያዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በሕይወት ያሉ እንስሳትን አካሄድ አጥንቶ አንድ ቀመር አወጣ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የእርምጃው ርዝመት ከእግሩ ቁመት ጋር ሲነጻጸር እየረዘመ በሄደ መጠን እንስሳው እየፈጠነ ሄዷል። የእግሩን ቁመት፣ ማለትም ከዳሌ እስከ መሬት ያለውን፣ አናውቅም፤ ነገር ግን የውስጥ እግሩ ርዝመት በግምት አራት እጥፍ እንደሚሆን ከዐፅሞች እናውቃለን።

ምሳሌ እንሥራ። የዱካው ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የዳሌው ከፍታ 1.2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የአንዱ እግር ዱካ ከዚያው እግር ተከታይ ዱካ 1.8 ሜትር ይርቃል እንበል። በአሌክሳንደር ቀመር ስናሰላው በሰከንድ 1.7 ሜትር፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህ ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ የሚሄደው ያህል ነው፤ ሩጫ አይደለም። ማንኛችሁም ሜትር ይዛችሁ ከዱካ ፊት ብትቆሙ በአምስት ደቂቃ የምትሠሩት ስሌት ነው። ሆኖም ቀመሩ ግምት መሆኑን አንርሳ፤ የዳሌውን ከፍታ ጥቂት ከፍና ዝቅ ብታደርጉት ፍጥነቱም ይለወጣል።

ሁለተኛው ንባብ ስለ አብሮነት ነው። በገጹ ላይ ትልልቅና ትንንሽ ዱካዎች በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን የሚሄዱባቸው ስፍራዎች አሉ። ጎብኚው ወዲያው «እናትና ልጅ!» ይላል፤ እኔም ብያለሁ። ነገር ግን እንጠይቅ። ዳርቻው እንስሳቱን ሁሉ በአንድ መስመር እንዲሄዱ አስገድዷቸው ከሆነስ? አንዱ ማለዳ፣ ሌላው ማታ አልፎ ከሆነስ? አብረው ሄዱ ለማለት በመካከላቸው ያለው ርቀት የተስተካከለ መሆኑን፣ አንዱ ሲዞር ሌላውም አብሮ መዞሩን፣ የዱካዎቹ ጥልቀት ተመሳሳይ እርጥበት መመስከሩን ማየት አለብን። በጎች ተሰርቀውበት ዱካ የሚከተል እረኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሌባው ዱካ በበጎቹ ኮቴ ላይ ካረፈ ከኋላ ይነዳቸው ነበር፤ የበጎቹ ኮቴ በሰውየው ዱካ ላይ ካረፈ ደግሞ እየመራ ይሄድ ነበር፤ ወይም ቀድሞ ያለፈ ሌላ መንገደኛ ነው። የእረኛውና የተመራማሪው አመክንዮ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የጊዜው ርዝመት ነው።

ሦስተኛው ንባብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በ2016 ማርቲን ሎክሊ የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን በኮሎራዶ የዳኮታ ድንጋይ ላይ፣ ዳይኖሰር ሪጅን ጨምሮ በተለያዩ ስፍራዎች፣ የእግር ጭረት ያለባቸው ጉድጓዶች መኖራቸውን አሳወቀ። አንዳንዶቹ እስከ ሁለት ሜትር ይረዝማሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው በግራና በቀኝ እግር የተጫሩ ናቸው። ጎጆ ናቸው? የእንቁላል ቅርፊት የለም። ውኃ ወይም ምግብ ፍለጋ የተቆፈሩ ናቸው? ለዚያ የሚሆን ምልክትም አልተገኘም። ዛሬ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ አንዳንድ ወፎች ወንዶቹ ሴቷን ለመማረክ መሬቱን እንዲህ ይጭራሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች በመፈላለጊያ ወራት ያደረጉት ጭፈራ ነው ሲሉ ደመደሙ። ዐፅም ብቻ ቢኖረን ይህንን ከቶ አናስበውም ነበር። ዐፅም እንስሳው ምን እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ዱካ ደግሞ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ይነግረናል። ዐፅም ይጓጓዛል፤ ዱካ ግን እንስሳው በሕይወቱ በቆመበት በዚያው ስፍራ የቀረ ነው።

የማይነሣው ማስረጃ

ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ማርሽ አጥንቶቹን በባቡር ወደ ዬል አስወስዷቸዋል። ሦስት መቶ ዱካ ያለበትን የኮረብታ ገጽ ግን ማን ይወስደዋል? አንድ ዱካ ቆርጣችሁ ብትወስዱ እርምጃው፣ አቅጣጫው፣ ጎረቤቱ ይጠፋል። ዱካ ትርጉሙ ከቦታው ጋር የተሰፋ ነው። በቦታው ሲቀር ደግሞ ዝናብ፣ ውርጭ፣ ፀሐይና የጎብኚ ጫማ ይበሉታል። ለ100 ሚሊዮን ዓመት የጠበቀው ሽፋኑ ነበር፤ በ1937 ሽፋኑ ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜው በእኛ ዘመን መቁጠሪያ የሚቆጠር ሆኗል።

የዳይኖሰር ሪጅ ሰዎች የመረጡት ማሳየትን ነው። ስፍራው በ1973 ብሔራዊ የተፈጥሮ ምልክት ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1989 ደግሞ የአካባቢው ሊቃውንትና ነዋሪዎች የሚጠብቀውና የሚያስተምርበት ማኅበር አቋቋሙ። መንገዱ ለተላላፊ መኪና ተዘግቷል፤ ዱካዎቹ በአጥር ተከልለዋል፤ የሚያስረዱ በጎ ፈቃደኞች በየስፍራው ይቆማሉ።

በታንዛኒያ፣ ላይቶሊ በተባለው ስፍራ ደግሞ ተቃራኒው ተመርጧል። እዚያ በ1978 የሜሪ ሊኪ ቡድን 3.66 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ፣ ቀጥ ብለው በሁለት እግር የሄዱ ቀደምት የሰው ዘመዶች ዱካ አገኘ። ዱካው ከተጠና በኋላ በአፈር ተሸፈነ። ዓመታት ሲያልፉ ግን በአፈሩ ላይ ግራር በቀለ፤ ሥሩም ወደ ዱካው ወረደ። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተገልጦ፣ ታክሞ፣ የተሻለ መከላከያ ተደርጎለት ዳግም ተቀበረ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ቅጂውን ነው።

የትኛው ይሻላል? ተሸፍኖ የቀረ ዱካ ይቆያል፤ ነገር ግን ማንም አያየውም፤ ያላየውንም ነገር ሕዝብ አይቆረቆርለትም። የተገለጠው ያስተምራል፤ ነገር ግን እያስተማረ ያልቃል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ሁሉም በፎቶግራፍና በሦስት ገጽታ ቅኝት በዝርዝር ይመዝገብ፤ ከዚያ ጠንካራው ይታይ፣ ደካማው ይሸፈን። ያልተመዘገበን ዱካ ማሳየትም ሆነ መቅበር ሁለቱም ማጥፋት ነው።

የእኛ ገደሎች

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ተነሥታችሁ ወደ ዓባይ ወርዳችሁ ወደ ደጀን የወጣችሁ ሁሉ በጁራሲክ ዘመን ንብርብሮች መካከል አልፋችኋል። ከላይ ባዛልቱ፣ ከበታቹ የአሸዋና የጭቃ ድንጋዩ፣ ከዚያ የባሕር ልጅ የሆነው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ እያለ ይወርዳል። በአውቶቡሱ መስኮት ያያችሁት ገደል ከዳይኖሰር ሪጅ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጽሐፍ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የሙገር የጭቃ ድንጋይ የሚባለው በዕድሜው ከሞሪሰን ፎርሜሽን ጋር ይቀራረባል። የሙገር ስም ለብዙዎቻችሁ የሚታወቀው ከሲሚንቶው ጋር ነው። ነገር ግን በ1999 የታተመ ጥናት ከዚህ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርሶች፣ ከእነርሱም ጋር የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ቅሪቶች መገኘታቸውን ዘግቧል። ስቴጎሳውረስ በኮሎራዶ ሲመላለስ በእኛም ምድር የራሳቸው ዳይኖሰሮች ይመላለሱ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በዚያው ሸለቆ ለመስክ ትምህርት ወጥተን ነበር። ከገደሉ ሥር አንዲት ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ ነገር አገኘሁ፤ ከኪሴ ከተትኋት። ማታ በድንኳኑ ውስጥ ለመምህራችን ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። «ጥርስ ትመስላለች! ከየትኛው ንብርብር አገኘሃት?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ማስታወሻ አልያዝሁም፤ ፎቶ አላነሣሁም፤ ስፍራውን በካርታ ላይ አላመለከትሁም። በማግሥቱ ግማሽ ቀን ፈልገን ስፍራውን ማግኘት አልቻልንም። መምህራችን አልተቆጡኝም። «ይህች ከአሁን በኋላ ውብ ጠጠር ናት» ብለው መለሱልኝ። ያቺ ጠጠር ዛሬም በጠረጴዛዬ ላይ አለች። የአጥንት ጦርነት ተሰላፊዎችን በችኮላቸው ስነቅፍ እርሷን ዐያለሁ። አርተር ሌክስ ካህን እንጂ የተመሰከረለት ሊቅ አልነበረም፤ ግን የቀን ማስታወሻ ይጽፍ፣ ቁፋሮውንም በውኃ ቀለም ይሥል ነበር። እኔ ያጣሁት ያንን ልማድ ነው።

ዱካንም በተመለከተ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ በ2018 የታተመ ጥናት 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሰው ዘር ዱካዎችን አሳውቋል። ከአዋቂዎቹ ዱካ ጋር የሕፃናት ዱካ አለ፤ ከድንጋይ መሣሪያዎችና ከታረደ ጉማሬ አጥንት አጠገብ ሕፃናት ነበሩ። ይህንን ደግሞ የትኛውም የራስ ቅል ሊነግረን አይችልም ነበር። ስፍራው በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እንግዲህ ይዤው የተመለስሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ የኮሎራዶውን ዱካ የገለጠው የመንገድ ሥራ ነበር። በአገራችን ደግሞ በዘመናችን እጅግ ብዙ መንገድ ተቆርጧል፤ ብዙ ኮረብታ ለድንጋይና ለሲሚንቶ ተቆፍሯል። ከተገለጠው የድንጋይ ገጽ ስንቱን ዞር ብሎ ያየው ሰው ነበረ? በ1992 ዓመተ ምሕረት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ነገር ግን ሰው ሊያሳውቅ የሚችለው ያወቀውን ነው። የኤክስካቫተሩ ሾፌር ሦስት ጣት ያለው ጎድጓዳ ምልክት ምን እንደ ሆነ ያልነገርነው እንደ ሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የእኛ፣ የዚህ ክፍል ትምህርት ነው።

ስለዚህ ከታላቅ በጀት የማይጀምሩ ሦስት ነገሮች እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የመስክ ትምህርት የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ከመዶሻው በፊት ማስታወሻ ደብተሩን ያንሣ። ሁለተኛ፣ ለመንገድና ለቁፋሮ ሠራተኞች ዐፅምና ዱካ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ፣ ባለ ሥዕል፣ በየአካባቢው ቋንቋ የተዘጋጀ አንድ ገጽ እናዘጋጅ። ሦስተኛ፣ የአካባቢውን እረኞች እንጠይቅ፤ ገደሉን ከእኛ በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ዱካ ማንበብም ለእነርሱ አዲስ ሙያ አይደለም። ቅርሱ ከተፈጨ በኋላ የምናደርገው ስብሰባ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

በዚያች ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነበር። ልጅቱ ድንገት መለስ ብላ አየችና «ቅድም ያላየናቸው ሌሎች ዱካዎች አሉ!» አለች። እውነቷን ነው። በቀትር ፀሐይ ከላይ ስትመታው ገጹ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ በጎን ስታበራው ግን ጥልቀት የሌለው ዱካ ሳይቀር ጥላ ያወጣል። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ብቻ ተለውጧል። «እንዴት አወቅህ?» ላለችኝ መልሴ በመጨረሻ ይኸው ሆነ፦ እኔ አልነበርሁም፤ ድንጋዩ ግን ነበረ፤ እኔ ድንጋዩን ደጋግሜ፣ ከተለያየ ወገን፣ ልሳሳት እንደምችል እያሰብሁ አየሁት። እርሷም ጥቂት አስባ «እሺ፣ ግን ጻፈው፤ እንዳትረሳው» አለችኝ።

ጽፌዋለሁ።